ከሞት በኋላ ገላ ምን ይሆናል?

ትጥበት ወይም ግንዘት ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሟቹ ሲገላበጥ ጀርባው ጠቁሮ ይገኛል። አንዳንዴ ገላው ቀና ሲደረግ ከጉሮሮው የማቃሰት ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ቀብሩ ዘመድ ይምጣ ተብሎ ካደረ ደግሞ በማግስቱ ከአፍንጫው ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወርዳል። ሹክሹክታው የሚጀምረው ይሄኔ ነው። «መትተውት ነው እንጂ እንዲህ አይበልዝም»፣ «አብልተውት ነው»፣ «ነፍሱ ሳትወጣ ነው የገነዛችሁት»። ድንኳኑ ሳይነሳ የሚኮራረፍ፣ ነገሩን የቀብር መረዳጃው ቅሬም ሽማግሌም መፍታት የሚያቅተው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ሦስቱም ምልክቶች የማንም እጅ ሳይኖርበት በማንኛውም አስከሬን ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ሂደቱ ቅደም ተከተል አለው፤ ሰዓቱም በግምት ይታወቃል። ፍጥነቱን ከምንም በላይ የሚወስነው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ብርዳማዋ ደሴ ያለ አስከሬንና ሞቃቷ ኮምቦልቻ ያለ አስከሬን እኩል አይቆዩም። ይህን ማወቅ ንጹሕ ሰው ከመጠርጠር ያድናል፤ እውነተኛ ወንጀልም ታጥቦና ተገንዞ እንዳይቀበር ያደርጋል።

ሞት የትኛው ደቂቃ ላይ ነው?

ልብ ሲቆም ደም አይዘዋወርም፤ ትንፋሽም ይቆማል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ብዙ አይቆይም፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። ሌላው አካል ግን በየተራው ነው የሚሞተው። ጡንቻ ከሞት በኋላም ለሰዓታት ሲመቱት ሊኮማተር ይችላል። ከዐይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ንጣፍ፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ደም በመቆሙ ወዲያው አይጎዳም። የዐይን ባንክ ባለሙያዎች ዐይኑን ሊለግስ ቃል የገባ ሰው ሲሞት በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ለመድረስ የሚጣደፉት ይህን ጊዜ ለመሻማት ነው።

ቤት ውስጥ ሰው ሞተ ሲባል እግሩ መቀዝቀዙ ወይም ትንፋሹ አለመሰማቱ ብቻውን አይበቃም። ብርድ ላይ ያደረ፣ ውኃ ውስጥ የገባ፣ ብዙ መድኃኒት የዋጠ ወይም ፀረ ተባይ የጠጣ ሰው የልቡ ምት እጅግ ደክሞ የሞተ ሊመስል ይችላል። በአንገት ጎን፣ ከጉሮሮው ቋጠሮ አጠገብ፣ ሁለት ጣት አድርጎ አንድ ሙሉ ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ እነዚህ ምክንያቶች ካሉ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ከጥርጣሬ የሚያወጡት እርግጠኛ ምልክቶች ሁለት ናቸው፤ የደም ወደ ታች መስፈርና የገላ መድረቅ፣ ማለትም ጡንቻው ጠንክሮ አልታጠፍ ማለቱ።

ዐይንና አገጭ ቶሎ የሚያዙት ለምንድን ነው?

ወዲያው ከሞት በኋላ ጡንቻ ሁሉ ይላላል። አገጭ ይወርዳል፣ የዐይን ቆብ ግማሽ ይከፈታል፣ ሽንትና ዓይነ ምድርም ሊያመልጥ ይችላል። ይህ የክፉ አሟሟት ምልክት አይደለም፤ መውጫውን አጥብቆ የሚይዘው ጡንቻም እንደሌላው መላላቱ ነው።

ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መድረቅ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታወቀው በዐይን ቆብ፣ በአገጭና በአንገት ላይ ነው፤ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻም እግር። በ12 ሰዓት ገደማ ገላው በሙሉ ይደርቃል፤ ሌላ 12 ሰዓት ያህል እንደዚያው ይቆይና በመጣበት ቅደም ተከተል ይላላል። ምክንያቱ ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ኃይል የሚፈልግ መሆኑ ነው። በጡንቻ ውስጥ እርስ በርስ የሚያያዙ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች አሉ። የሚያላቅቃቸው ኤቲፒ የሚባል ኃይል ተሸካሚ ንጥረ ነገር ነው። ትንፋሽ ሲቆም ኤቲፒ ማምረት ይቆማል፤ ያለው ሲያልቅ ክሮቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ኋላ የሚላሉት ኃይል አግኝተው አይደለም፤ ክሮቹ ራሳቸው መፈራረስ ስለሚጀምሩ ነው።

ትኩሳት ይዞት፣ እየተንቀጠቀጠ ወይም ብዙ ሮጦ በሞተ ሰው ላይ ኃይሉ ቀድሞ ስለሚያልቅ መድረቁ ይፈጥናል። በሕፃንና በጣም በከሳ ሽማግሌ ላይ ደካማ ነው። በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ዘግይቶ ይጀምርና እስከ ሦስተኛው ቀን ሊዘልቅ ይችላል፤ በኮምቦልቻ የቀን ሙቀት ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ ይሄዳል።

ስለዚህ እናቶቻችን «ቶሎ ዐይኑን ክደኑ፣ አገጩን እሰሩ» የሚሉት ትክክለኛ ሰዓቱን ይዘው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ቆቡን ወደ ታች ስቦ እርጥብ ጥጥ ለጥቂት ጊዜ ማሳረፍ፣ አገጩን ከሥሩ ይዞ አናቱ ላይ በሚቋጠር ለስላሳ ጨርቅ ማሰር፣ እጅና እግሩን መዘርጋት፣ ከራሱ በታች ትንሽ ትራስ ማድረግ ያስፈልጋል። ትራሱን ብዙዎች ይረሱታል። ራስ ከደረት ከፍ ካላለ ደም ወደ ፊት ወርዶ ፊቱን ያጠቁረዋል።

እግሩ እንደታጠፈ ከደረቀስ? በኃይል መጫን የአረጋዊን አጥንት ሊሰብር ይችላል። ጉልበቱን ከላይና ከታች ይዞ፣ ጡንቻውን እያሹ፣ ቀስ እያሉ ደጋግሞ ማጠፍና መዘርጋት ያላላዋል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የላላ ክፍል ተመልሶ አይደርቅም። ገና ሲጀምር ያላሉት ግን መልሶ ሊይዝ ስለሚችል ተዘርግቶ እንዲቆይ በጨርቅ ማሰር ይበጃል።

ጀርባው የጠቆረው ተደብድቦ ነው?

ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልብ መግፋቱን ሲያቆም ደም በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቡና ከምድጃ ወርዶ ሲሰክን አተላው ጀበናው ሥር እንደሚዘቅጥ ማለት ነው፤ ጀበናው በጎኑ ቢጋደም አተላውም ወደዚያው ጎን ይሄዳል። በጀርባው የተኛ አስከሬን ጀርባው፣ ማጅራቱና ከጭኑ በስተኋላ ያለው ሥጋ ይጠቁራል። በደረቱ ተደፍቶ የሞተ ፊቱና ደረቱ ይጠቁራል። የተሰቀለ ከሆነ እጆቹና እግሮቹ።

ከሞት በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል፤ ነጠብጣቡ ተያይዞ ሰፊ ወይን ጠጅ መልክ ይሆናል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲደርስ ይጸናል። ከጸና በኋላ ገላው ቢገለበጥም ቦታውን አይለቅም። ቀይ ገላ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ በጥፍር ሥር፣ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በከንፈር ውስጠኛ ክፍል መፈለግ ይሻላል።

ከብልዝ የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠቆር ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መልቀቅ ነው። የወረደ ደም ከሆነ የተጫነው ቦታ ይነጣና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ብልዝ ከሆነ ደሙ ከሥሩ አፈትልኮ ሥጋው ውስጥ ስለገባ አይነጣም። ከ12 ሰዓት ወዲህ ግን የወረደውም ደም ስለሚጸና ይህ ሙከራ አያገለግልም። ያኔ ቅርጹን ማየት ነው። ወለሉ የተጫናቸው ቦታዎች፣ ማለትም ትከሻ፣ መቀመጫ፣ ባትና ተረከዝ፣ ደም ስለማይገባባቸው ነጣ ብለው ይቀራሉ። ብልዝ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም፤ ብዙ ጊዜም እብጠት ወይም የተላጠ ቆዳ አብሮት ይገኛል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ቀበቶ፣ የጡት መያዣ፣ የጠበበ አንገትጌ፣ የአንሶላ እጥፋት ሳይቀር በጠቆረው መሀል ነጭ መስመር ይተዋሉ። አንገት ላይ ሲሆን በገመድ የታነቀ ያስመስላል። ቆዳው ካልተላጠና ካልጎደጎደ፣ መስመሩም ከልብሱ ጠርዝ ጋር ከገጠመ፣ ልብሱ ነው።

የቀለሙ ዓይነትም ይናገራል። ደማቅ ሮዝ ወይም ቼሪ የመሰለ ቀይ ከሆነ የከሰል ጭስ መርዝ ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ በብርድ ጊዜ በር ዘግቶ ከሰል ማንደጃ ማስገባት የተለመደ በመሆኑ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ከደም ጋር ተያይዞ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አንድ ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ሞቶ ወይም ራሱን ስቶ ከተገኘ፣ የሚገባው ሰው አስቀድሞ በርና መስኮት መክፈት አለበት፤ አለዚያ እሱም ይጨመራል። ብርድ ላይ የቆየ አስከሬንም ሮዝ መልክ ሊኖረው ስለሚችል ቀለሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ገና ሙቀት አለው፤ እውነት ሞቷል?

ገላ ከሞተ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን እንደያዘ ይቆይና ከዚያ በየሰዓቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲጠጋ ያዘግማል። ፊትና እጅ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ይበርዳሉ፤ ብብትና ሆድ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ሰዓት ይሞቃሉ። ወፍራም ሰው በዝግታ፣ ሕፃንና የከሳ ሰው በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሆዱ ሙቅ መሆኑ በሕይወት አለ አያሰኝም። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ገላው ሲቀና ወይም ሲገለበጥ ሳንባ ውስጥ የቀረ አየር በጉሮሮ ሲያልፍ የሚሰማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ቢቀር እንመኛለን። ሟቹን በጋቢና በብርድ ልብስ ደራርቦ መሸፈን ለክብሩ ቢመስልም ጉዳቱ ለራሱ ነው። ሆድ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በ37 ዲግሪ ለመባዛት የተመቻቹ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ያንን ሙቀት ጠብቆ ያቆይላቸዋል። አንድ ንጹሕ ነጠላ ወይም አንሶላ ይበቃል።

ማበጡና ሽታው ከየት ይመጣል?

ከሁለት ወገን። አንደኛው ከራሱ ገላ ነው፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ነገርን የሚሰባብሩ የአካል ንጥረ ነገሮች፣ የያዛቸው ሕዋስ ሲሞት ወጥተው ራሱን አካሉን መፍጨት ይጀምራሉ። ጣፊያና ጨጓራ ቀድመው፣ ማሕፀንና ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ እጅግ ዘግይተው ይፈርሳሉ። ሁለተኛው ከአንጀት ባክቴሪያ ነው። በሕይወት ሳለን አንጀት ውስጥ ተገድበው የሚኖሩ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ተሕዋስያን ከሞት በኋላ የሚያግዳቸው የለም፤ በደም ሥር ተጉዘው ሁሉም ቦታ ይደርሳሉ።

የመጀመሪያው የውጭ ምልክት በሆድ ቀኝ በኩል፣ ከእምብርት በታች የሚወጣ አረንጓዴ ቀለም ነው። ትርፍ አንጀት ያለበት ቦታ ማለት ነው፤ ትልቁ አንጀት እዚያ ለሆድ ቆዳ ቅርብ ነው። አረንጓዴው መርዝ አይደለም፤ ባክቴሪያ የሚያወጣው የሰልፈር ጋዝ ከደም ቀለም ጋር ሲዋሃድ የሚሰጠው መልክ ነው። መካከለኛ አየር ባለበት ከ24 እስከ 36 ሰዓት፣ በሙቀት ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይታያል። ቀጥሎ የቆዳ ሥር የደም ሥሮች አረንጓዴ ጥቁር ሆነው ይሰመራሉ፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሆድ፣ ፊትና ብልት በጋዝ ያብጣሉ፤ ቆዳው ውኃ ይቋጥርና ሲነካ ይላጣል።

ጋዙ ሲበዛ ጨጓራና ሳንባን ይጫናል። ውስጥ የቀረው ፈሳሽ በአፍንጫና በአፍ ይወጣል፤ ከፈረሰ ደም ጋር ስለተቀላቀለ ቀይ ቡናማ ነው። «ደም ተፋ» የሚያሰኘው ይኸው ነው። ትኩስ ጉዳት ያደማው ደም ብዙውን ጊዜ ከሞት በፊት ፈስሶ ልብስና ትራስ ላይ ደርቆ ይገኛል፤ ይህኛው ግን ቀን ቆይቶ የሚመጣ፣ ቀጭንና የሚሸት ነው። አፍንጫና አፍ ውስጥ የሚደረገው ጥጥ የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ ከተገነዘ ወይም ከተከፈነ በኋላ ቢወጣ ጥጡን መለወጥ እንጂ መደናገጥ አያስፈልግም። በትጥበት ጊዜ ሟቹን ትንሽ ቀና አድርጎ ሆዱን በቀስታ መዳበስም አንጀት ውስጥ ያለውን ቀድሞ ስለሚያስወጣ ከፈኑ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ይረዳል።

ጥፍርና ፂም ከሞት በኋላ ያድጋል የሚባለው ትክክል አይደለም። ቆዳው ውኃ አጥቶ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ሥሩ ያለው ፀጉርና ጥፍር ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለናል። በየ100 ሜትሩ ሙቀት 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል። የአስከሬን መርማሪዎች ግን ሙቀትን ከቀን ጋር አባዝተው ነው የሚቆጥሩት፤ 16 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 5 ቀን የቆየና 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 4 ቀን የቆየ፣ ሁለቱም 80 ስለሚሰጡ፣ ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ ሂሳቡ ይበልጥ ያጥራል። ደሴ ላይ አንድ ሌሊት ያለ ችግር ያደረ አስከሬን አይቶ ኮምቦልቻም እንዲሁ ያድራል ማለት ስሕተት ነው። በደም መመረዝና በከፍተኛ ትኩሳት የሞተ ሰው ከሁለቱም ሂሳብ ቀድሞ ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ሰውየው ከመሞቱ በፊት ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበርና።

ዘመድ እስኪደርስ እንዴት ይቆይ?

በዚያው ቀን መቅበር ከተቻለ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ማቆየት ግድ ሲሆን ሁነኛው መንገድ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የሚሠራ የሆስፒታል አስከሬን ማቀዝቀዣ ነው። ሒደቱን ያዘገያል እንጂ አያቆመውም። ዋናው ነገር ቶሎ መግባቱ ነው፤ ቀን ሙሉ ቤት ውሎ የገባ ገላ ውስጡ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ያኔ ሆዱ ማበጥ ጀምሯል።

ቤት ውስጥ ከሆነ ፍራሹን አንስቶ ሲሚንቶ ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት፣ ፀሐይ የማያገኘውን ክፍል መምረጥ፣ ሻማና ምድጃ ማራቅ፣ መስኮቱን በወንፊት መረብ ወይም በስስ ጨርቅ ጋርዶ መክፈት። በረዶ ከተገኘ በላስቲክ ቋጥሮ በጨርቅ ጠቅልሎ በሆድና በብሽሽት ላይ፣ በወገብ ግራና ቀኝ ማድረግና ሲቀልጥ መለወጥ። ፊት ላይ አይደረግም፤ ቆዳውን ያበላሻል። ዝንብ በቀን ብርሃን በደቂቃዎች ውስጥ ልትመጣ ትችላለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው በዐይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍና በቁስል ላይ ነው፤ በሙቀት በአንድ ቀን ይፈለፈላል። ፊቱን በስስ ነጭ ጨርቅ መሸፈን ይህን ይከላከላል። ዕጣን ሽታውን ይጋርዳል እንጂ ገላውን አይጠብቅም።

«መርፌ ማስወጋት» የሚባለው ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ውኃ ውስጥ የተሟሟበት ፈሳሽ ሲሆን ሲገዛ ከ37 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ቀጥኖ ነው የሚሰጠው። ፕሮቲንን እርስ በርሱ አስሮ ባክቴሪያ እንዳይፈጨው ያደርጋል። በትክክል ሲሠራ የአንገት ወይም የጭን ደም ወሳጅ ቧንቧ ተከፍቶ በርካታ ሊትር ይገፋል፤ ደሙ በሌላ ሥር ይወጣል። ሆድ ላይ ጥቂት ሲሪንጅ መውጋት ፈሳሹ የነካውን ቦታ ብቻ ያደርቃል፤ እጅ፣ እግርና ፊት በዚያው ይበላሻሉ። ትነቱ ዐይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ለረጅም ጊዜ የሚተነፍሰውን ሰው ለካንሰር ሊዳርግ እንደሚችልም ተረጋግጧል። የሠለጠነ ሰው፣ ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ያስፈልገዋል።

ከዐረብ አገር የሚመጡ ልጆቻችን አስከሬን አብዛኛውን ጊዜ በፎርማሊን ታክሞ፣ ውስጡ ቆርቆሮ በተበየደ ሳጥን ነው የሚደርሰው። ሣጥኑን መክፈት የሚፈልግ ቤተሰብ የሚከተለውን ቢያውቅ ይመረጣል። ሲከፈት የታፈነው ትነት በኃይል ይወጣል፤ ደጅ ወይም ሰፊ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሰው ራቅ ማለት አለበት። ቆዳው ግራጫና ጠንካራ ነው፤ ፊቱም የጠበቁትን አይመስል ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በረዶ ውስጥ የቆየ ከሆነ ውኃው በረዶ ሲሠራ ሕዋሱን ስለሚሰነጥቀው ሲቀልጥ ከትኩስ አስከሬን ይልቅ በፍጥነት ይፈርሳል። በፎርማሊን በደንብ ካልታከመና ከቦሌ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ ለማደር ጊዜ የለውም።

አጣቢና ገናዥ በሽታ ይይዘዋል?

በእርጅና፣ በልብ ሕመም፣ በአደጋ የሞተ ሰው ወረርሽኝ አያስነሳም። ሽታው ደስ የማይል ቢሆንም በሽታ አይደለም። አደጋ የሚመጣው ሟቹ በሕይወት ሳለ ተላላፊ በሽታ ከነበረበት ነው። የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በደም፣ ኮሌራ በዓይነ ምድር ይተላለፋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ገላው ሲገለበጥ ከሳንባ በሚወጣው አየር ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ማድረግ፣ የራስን ቁስል በፕላስተር መሸፈን፣ የላስቲክ ሽርጥ መታጠቅ፣ ማስክ ማድረግ፣ ከሟቹ ላይ የቀረ መርፌ ካለ በእጅ አለመንቀል። ገላውን ሲገለብጡ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ።

ደምና ዓይነ ምድር የነካው ወለል በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይጸዳል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ 1 ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ውኃ ማለት ነው፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ከሌላ ኬሚካል ጋር አይደባለቅም፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ኮሌራ ከሆነ ሆድ አይጫንም፤ መውጫዎቹ በረኪና በነካው ጥጥ ይደፈናሉ፤ አጣቢዎቹም የተዝካሩን ወይም የሰደቃውን ምግብ አይነኩም። ኢቦላና ማርበርግ ከሆነ ማጠብም መገነዝም ክልክል ነው፤ የጤና ባለሙያ ቡድን ብቻ ይነካዋል።

በነገራችን ላይ በትጥበት ውኃ ውስጥ የሚገባው የቁርቁራ ቅጠል አረፋ የሚሰጥ ሳሙናዊ ንጥረ ነገር አለው፤ ካፉሩም ነፍሳትን ያርቃል።

ጥርጣሬ ሲኖርስ?

ከላይ ያልናቸው ምልክቶች ተፈጥሯዊ ናቸው ማለት ወንጀል የለም ማለት አይደለም። አንገት ላይ የተላጠ መስመር ወይም የጥፍር ጭረት፣ መዳፍና ክንድ ላይ ራስን ለመከላከል ሲሞከር የሚገኝ ቁስል፣ ከአፍ የሚወጣ የፀረ ተባይ ሽታ፣ በጀርባው ተኝቶ ተገኝቶ ደረቱ ላይ የጸና ጥቁረት፣ እነዚህ ቆም ያሰኛሉ። የመጨረሻው አስከሬኑ ከሞት ከሰዓታት በኋላ እንደተገለበጠ ወይም እንደተጓጓዘ ይጠቁማል።

ያኔ አይታጠብም፣ ልብሱ አይለወጥም፣ የደረቀ እግር አይዘረጋም፣ ጥፍር አይቆረጥም። በንጹሕ አንሶላ ሸፍኖ ፖሊስ መጥራት ነው። የተሰቀለ ሰው ሊድን ይችላል ተብሎ ገመዱ ከተቆረጠ ቋጠሮው ሳይፈታ ከቋጠሮው ራቅ ብሎ ይቆረጥ። በስንት ሰዓት እንደተገኘ፣ ክፍሉ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ አገጩ ደርቆ እንደነበር መጻፍ መርማሪውን እጅግ ይረዳል። ለረጅም ዘመን ከወሎ የአስከሬን ምርመራ የሚላከው አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚጠፋ እያንዳንዱ ሰዓት ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። ከተቀበረ በኋላ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የአጥንት ስብራት፣ ጥይትና እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዞች በፀጉር ውስጥ ቢገኙም ብልዝና አብዛኛው ለስላሳ ማስረጃ ጠፍቷል።

ከአፈር በታች ስንት ጊዜ ይወስዳል?

የቆየ የመርማሪዎች መለኪያ አለ፤ አየር ላይ 1 ሳምንት የሚወስደው መፍረስ ውኃ ውስጥ 2፣ አፈር ውስጥ 8 ሳምንት ይወስዳል። መቃብር ቀዝቃዛ ነው፣ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ዝንብም አይደርስበትም። በከፈን ብቻ ተቀብሮ አፈር የሚነካው ገላ በሳጥን ካለው ይልቅ ይፈጥናል። ሥጋው እስኪያልቅ እንደ ጥልቀቱና እንደ አፈሩ ከጥቂት ዓመት እስከ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይዞ አየር ይዘጋል። እርጥበት ባለበትና አየር በሌለበት የገላ ስብ ወደ ነጭ፣ ሰም መሳይ ነገር ይለወጥና ለብዙ ዓመት ሳይፈርስ ይቆያል። አስከሬንን በላስቲክ ጠቅልሎ መቅበርም ይህንኑ ያስከትላል፤ ከዓመታት በኋላ አጽም ሲፈልስ ያልፈረሰ ገላ የሚገጥመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተላላፊ በሽታ ካላስገደደ ላስቲኩ ይቅር። በጣም ደረቅና ነፋሻ ቦታ ደግሞ ገላው ሳይበሰብስ ይደርቃል፤ ላስታ ውስጥ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ዋሻው ውስጥ ከዘመናት በፊት ያረፉ ሰዎች ገላ እስካሁን የሚታየው በዚህ ነው።

አጥንት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ማዕድን ስለሆነ ይቆያል። አሲድ የበዛበት አፈር ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ጥርስ ከሁሉም የመጨረሻ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደን አፋር ስንገባ፣ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየችው ደለል ቶሎ ሸፍኗት በአጥንቷ ውስጥ ማዕድን ስለገባ ነው። አብዛኛው አጥንት ይህ ዕድል የለውም።

መቃብር ቦታ ሲመረጥ ወለሉ ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከሚጠጣ የጉድጓድ ውኃ ወይም ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ መሆን አለበት፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ውኃው ከበላይ እንጂ ከበታች እንዳይሆን። የተቆፈረ አፈር ይሰጥማል፤ ሳጥን ካለ ክዳኑ ሲበሰብስ እንደገና ይሰጥማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ አፈር መጨመር ያስፈልጋል። ሐውልት ወይም ሲሚንቶ ቢያንስ አንድ ክረምት ሳያሳልፉ ካሠሩት ከሥሩ ባዶ ይሆንና መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚገባው ዝናብ ደግሞ አፈሩን ይዞ ይወርዳል።